ለካሽ ልክ ማበጀት

ደብረ ማርቆስ ላይ ለሶፍትዌር ሠሪዎችና ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጉዳያችን አንድ ቁጥር ነው። ካሽ፣ ማለትም ተደጋግሞ የሚፈለግ ውጤት ቶሎ እንዲገኝ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ያለው ፕሮግራም ሁሉ ይህ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ ሊገኝበት ይገባል፤ ኮዱን ከፍታችሁ ስትፈልጉት ግን ብዙ ጊዜ የለም። ይህ ካሽ ቢበዛ ስንት ባይት ይይዛል? ይኸው ነው።

ካሽ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ለእናንተ መተንተን ጊዜ ማባከን ነው። ታሪኩን ግን በአንድ ትንፋሽ ላንሳው። ሞሪስ ዊልክስ ከዋናው ሜሞሪ አጠገብ ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ ስለ ማስቀመጥ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። አይቢኤም በ1968 ይፋ ያደረገው ሲስተም 360 ሞዴል 85 ካሽ ይዞ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ማሽን ሲሆን፣ ካሹም ከ16 እስከ 32 ኪሎባይት ነበር። ልብ በሉ፤ በሃርድዌር ልኩን የሚወስነው ሲልከኑ ነው። 16 ኪሎባይት ገዝቶ 17 ማስቀመጥ አይቻልም። ሶፍትዌር ላይ ይህ ግድግዳ የለም። አንድ ዲክሽነሪ ከፍታችሁ የጥያቄ ውጤት እያከማቻችሁበት ብትቀጥሉ፣ ማሽኑ እስኪንበረከክ ድረስ «በቃ» የሚል ማንም አይመጣም።

ስም ያላቸው መሣሪያዎችም ቢሆኑ ግድግዳውን ሠርተው አያስረክቧችሁም። መረጃን ሜሞሪ ውስጥ የሚይዘው ሬዲስ በ64 ቢት ማሽን ላይ ሲጫን ማክስሜሞሪ የተባለው የሜሞሪ ገደብ ቅንብሩ 0 ነው፤ 0 ማለት ደግሞ ገደብ የለም ማለት ነው። የድር ሰርቨሩን ኤንጂንኤክስን ዲስክ ላይ ካሽ እንዲያደርግ አዝዛችሁት ማክስ ሳይዝ ካልጻፋችሁለት ዲስኩ እስኪሞላ ሊጽፍ ይችላል። ፓይተን ውስጥ ከ3.9 ጀምሮ ያለው «ካሽ» የተባለ ዲኮሬተር (ፈንክሽን ላይ ተለጥፎ ውጤቱን የሚያከማች) ወሰን የለውም፤ ታላቅ ወንድሙ ኤልአርዩ ካሽ (ሲሞላ ለረጅም ጊዜ ያልተነካውን የሚያስወጣው) ግን ምንም ካልተባለ 128 ውጤት ብቻ ይይዛል። በዚህ ረገድ ሌላው የካሽ ሰርቨር ሜምካሽድ ጨዋ ነው፤ ዝም ካላችሁት 64 ሜጋባይት ይዞ ይቀመጣል።

እስከ መጨረሻው አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። እንበል፣ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉ ገበያዎች የጤፍ፣ የበቆሎ፣ የስንዴ፣ የኑግ፣ የበርበሬ፣ የዓሣ ዋጋ በስልክ የሚያሳይ አገልግሎት ሠርታችኋል። 60 ገበያ አለ፣ 25 የምርት ዓይነት አለ፣ የ30 ቀን ዋጋ ይያዛል። ሲባዛ 45,000 መዝገብ ይሆናል። አንዱ መዝገብ ከነቁልፉ (መዝገቡ ከሚጠራበት ስም) እና ሬዲስ ለራሱ ከሚጨምረው ወጪ ጋር 350 ባይት ቢመዝን ጠቅላላው 15.75 ሜጋባይት ነው። ይህን ርካሽ ስልክም ይሸከመዋል። ታዲያ እንዲህ ያለ አገልግሎት ከወራት በኋላ 4 ጊጋባይት ያለውን ሰርቨር ለምን ይጥለዋል?

ቁልፉን ተመልከቱ

ካሽ የሚያብጠው አብዛኛውን ጊዜ በተቀመጠው መልስ ሳይሆን በቁልፉ በኩል ነው። 45,000 ብለን ያሰላነው ቁልፉ ገበያ፣ ምርትና ቀን ብቻ ከሆነ ነው። አንድ ሰው «በአቅራቢያዬ ያለ ገበያ» የሚል አገልግሎት ጨምሮ ከስልኩ የመጣውን ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዳለ ቁልፍ ውስጥ ቢያስገባውስ? ከነጥብ በኋላ ስድስት አሐዝ ያለው የቦታ ቁጥር ወደ 11 ሴንቲሜትር ድረስ ይለያል። ነጋዴው ከወንበሩ ተነስቶ በር ላይ ሲቆም አዲስ ቁልፍ ተፈጠረ። ያ ቁልፍ ዳግመኛ አይጠየቅም፤ ግን ካሹ ውስጥ ተቀምጧል። ሁለት አሐዝ ላይ ብትቆርጡት ልዩነቱ አንድ ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል፤ ገበያ ለመፈለግ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በአድራሻው ጭራ ላይ የሚለጠፍ የሰዓት ማኅተም፣ የተጠቃሚ ስልክ ቁጥር፣ የሴሽን መለያ፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ቁልፍ ውስጥ የሚገባው መልሱን የሚቀይር ነገር ብቻ ነው።

በእኛ ፊደል የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት፤ የውጭ መማሪያዎች አይነግሩትም። ተጠቃሚው በፍለጋ ሳጥን «ዓሣ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «አሳ»፣ ሌላው «ዓሳ»፣ ሌላው «አሣ»። ለሰው አንድ ናቸው፣ ለካሽ ግን አራት ቁልፎች፣ አራት ጊዜ ወደ ዳታቤዝ መሄድ፣ አራት ቦታ የተቀመጠ አንድ መልስ። «ስንዴ» እና «ሥንዴ»ም እንደዚያው። ስለዚህ ቁልፉ ከመሠራቱ በፊት ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ይሰብሰቡ፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነሙሉ እርባታቸው። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በድምፅ አንድ ስለሆኑ እነሱም አይረሱ። ትርፍ ክፍት ቦታ ይከርከም፤ ሁለት ነጥብ (፡) ቃል መለያ ሆኖ ከመጣም ወደ ክፍት ቦታ ይለወጥ። ይህ ለቁልፉ ብቻ ነው። ለተጠቃሚው የሚታየው ጽሑፍ ላይ እጃችሁን አታስገቡ፤ ሰው ስሙን በ«ሠ» ጽፎ በ«ሰ» ሲያየው ይከፋዋል፣ ደግሞም ልክ ነው።

«እኛ ጋ ማብቂያ ጊዜ ስለተቀመጠ ችግር የለም» የሚል መልስ በጣም የተለመደ ነው። ማብቂያ ጊዜ፣ ማለትም መዝገቡ ጊዜው አልፎ የሚሰረዝበት ሰዓት፣ የመጠን ገደብ አይደለም። ሒሳቡን እንሥራው። በሰከንድ 200 አዲስ መዝገብ ይገባል፣ እያንዳንዱ 1 ኪሎባይት ነው፣ ዕድሜው 1 ሰዓት ነው። 200 ሲባዛ በ3,600 ሲባዛ በ1 ኪሎባይት፣ ወደ 720 ሜጋባይት። በአዘቦት ቀን ይህ ይቻላል። በትልቅ የገበያ ቀን የተጠቃሚው ቁጥር በሦስት ቢባዛ ግን 2.16 ጊጋባይት ሆነ፤ ኮድ የነካ ሰው የለም፣ ማሽኑ ግን ወደቀ። ማብቂያ ጊዜ የሚጠብቀው የመረጃውን ትኩስነት ነው። መጠኑን የሚጠብቀው የመጠን ገደብ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በቁጥር ወይስ በባይት?

ብዙ የኮድ ቤተ መጻሕፍት ገደቡን በመዝገብ ብዛት ይቀበላሉ። የፓይተኑ 128 ማለት 128 ውጤት ነው፤ አንዱ ውጤት 5 ሜጋባይት ሪፖርት ከሆነ 640 ሜጋባይት ሊደርስ ነው። የአንድሮይዱ ኤልአርዩ ካሽ ላይ «ሳይዝ ኦፍ» የተባለውን ሜተድ ራሳችሁ ካልጻፋችሁት እያንዳንዱን ነገር እንደ 1 ይቆጥራል። ስለዚህ ገንቢው 10 ሚሊዮን ብሎ ሲጽፍ 10 ሜጋባይት የገደበ ይመስለዋል፤ የፈቀደው ግን 10 ሚሊዮን ፎቶ ነው። ጃቫ ላይ ካፌይን የተባለውን የካሽ ቤተ መጻሕፍት የምትጠቀሙ ከሆነ ማክሲመም ሳይዝ በብዛት፣ ማክሲመም ዌይት በክብደት ይገድባል፤ ለሁለተኛው የእያንዳንዱን መዝገብ ክብደት የሚናገር ፈንክሽን ትሰጡታላችሁ። መዝገቦቹ በመጠን የሚቀራረቡ ከሆነ በብዛት መገደብ ይበቃል። አንዱ 200 ባይት፣ ሌላው 2 ሜጋባይት በሆነበት ካሽ ላይ ግን ብዛት ምንም አይነግራችሁም።

ታዲያ አንድ መዝገብ ስንት ይመዝናል? እዚህም ላይ ፊደላችን ገንዘብ ያስከፍላል። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ኮድ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ነው። «ደብረ ማርቆስ» ሰባት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ 22 ባይት። ይህንኑ ጄሰን በተባለው የመረጃ ቅርጽ ስታስቀምጡ የፓይተን የጄሰን ሞጁል እንደ ነባሪው ከተተወ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ስድስት ቁምፊ ኮድ ይለውጠዋል፤ ያ 22 ባይት 43 ይሆናል። በአማርኛ የተሞላ መልስ ካሽ ውስጥ እጥፍ ቦታ ያዘ ማለት ነው። መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፤ ዱምፕስ የተባለውን ፈንክሽን ስትጠሩ ኢንሹር አስኪ የሚባለውን ምርጫ ፎልስ ማድረግ። ራም ከመግዛት በፊት ይህችን መስመር አስተካክሉ።

ግምት ሳይሆን ልኬት እንዲሆን ደግሞ ሬዲስ ውስጥ ሜሞሪ ዩሴጅ የሚል ትእዛዝ ከነቁልፉ ስም ስጡት፤ የዚያን መዝገብ ክብደት ከነወጪው በባይት ይነግራችኋል። አንድ ቁልፍ አይታችሁ አትወስኑ። እንደ ዕድል የተመረጡ አንድ ሺህ ያህል ቁልፎችን ለኩና አማካዩንም ትልቁንም ጻፉ። ትልቁ ከአማካዩ መቶ እጥፍ ከሆነ፣ ያ ትልቅ ነገር ካሽ ውስጥ ለምን ገባ? የሚለው ከገደቡ በፊት የሚመለስ ጥያቄ ነው።

ስልክ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ፎቶ ፋይሉ ሌላ፣ ሜሞሪ ውስጥ ሲዘረጋ ሌላ ነው። ገበሬው በስልኩ ያነሳው የበርበሬ ፎቶ 4,000 በ3,000 ፒክስል ቢሆን፣ ዲስክ ላይ ተጨምቆ 3 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ለማሳየት ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል፤ 4,000 ሲባዛ በ3,000 ሲባዛ በ4፣ 48 ሜጋባይት። የስልክ መተግበሪያ መሥሪያው ፍላተር ለምስል ካሽ እንደ ነባሪ የሚሰጠው 1,000 ምስል ወይም 100 ሜጋባይት ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይገድበዋል። ያን ዓይነት ፎቶ ሁለት ሲገባ ሞላ፤ ዝርዝሩን ወደ ላይና ወደ ታች በገፋችሁ ቁጥር ምስሉ እንደገና ይከፈታል፣ ስክሪኑም ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ ገደቡን ማሳደግ ስሕተት ነው። 2 ጊጋባይት ራም ያለው ስልክ ላይ አንድሮይድ ራሱ መተግበሪያውን ይዘጋዋል። ምስሉ ስክሪን ላይ በ400 በ300 የሚታይ ከሆነ በዚያው መጠን ይከፈት፤ ፍላተር ላይ ካሽ ዊድዝ የሚባለው ለዚህ ነው። ክብደቱ 480,000 ባይት፣ መቶ እጥፍ ያነሰ ይሆናል። በዚያው 100 ሜጋባይት ውስጥ ከ200 በላይ ምስል ገባ።

4 ጊጋባይት ስንት ቦታ ይከፈላል?

አሁን ወደ ሰርቨሩ እንመለስ። የካሽ ገደብ ከትርፍ ላይ የሚቆረጥ ነው፤ መጀመሪያ ሌሎቹ ድርሻቸውን ይውሰዱ። 4 ጊጋባይት ያለው ማሽን ላይ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ፣ ፓይተን መተግበሪያና ሬዲስ አብረው ይኖራሉ እንበል። ለፖስትግሬስ ሼርድ ባፈርስ (ለራሱ የሜሞሪ ካሽ) እንደ መነሻ የራሙ ሩብ ይመከራል፤ 1 ጊጋባይት። ለሊኑክስና ለትናንሽ አገልግሎቶች 500 ሜጋባይት። መተግበሪያው አራት ፕሮሰስ ሆኖ እያንዳንዱ 150 ቢወስድ 600 ሜጋባይት። የቀረው 1.9 ጊጋባይት ገደማ ነው። ወጣቱ ወዲያው «ማክስሜሞሪ 1.9 ጊጋ» ብሎ ይጽፋል። አይሆንም።

አንደኛ፣ ፖስትግሬስ ከራሱ ባፈር ሌላ ሊኑክስ የፋይል ካሽ አድርጎ በሚይዘው ሜሞሪ ላይ በጣም ይደገፋል። ነፃ መስሎ የሚታያችሁን ሁሉ ብትወስዱበት ዳታቤዙ ዲስክ ላይ ይወድቃል፤ ካሹ ያተረፈውን ዳታቤዙ መልሶ ያጠፋዋል። ሁለተኛ፣ ሬዲስ ወደ ዲስክ ቅጂ ሲያወጣ ራሱን ፎርክ ያደርጋል፤ ልጅ የሚባል ቅጂ ፕሮሰስ ይወልዳል። ልጅየው እየጻፈ ሳለ ወላጁ ላይ የሚለወጥ እያንዳንዱ የሜሞሪ ገጽ ይገለበጣል፤ ጽሑፍ በበዛበት ሰዓት ፍጆታው እስከ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ሦስተኛ፣ ማክስሜሞሪ የሚቆጥረው ሁሉንም አይደለም፤ ወደ ሪፕሊካ (ወደ ተጓዳኝ ቅጂ ሰርቨር) ማስተላለፊያው ባፈር አይገባበትም፣ የአሎኬተሩ (የሜሞሪ አከፋፋዩ) ብጥስጣሽም አይገባበትም። ስለዚህ ለዚህ ማሽን 512 ሜጋባይት እንላለን። በጣም ከከፋ 1 ጊጋ ይደርሳል፤ የቀረው ለፋይል ካሹ ይተርፋል። ሬዲስ ኮንቴይነር (የራሱ የሜሞሪ ገደብ ያለው የተከለለ ቦታ) ውስጥ ከሆነ የኮንቴይነሩን ገደብ ከማክስሜሞሪ ጋር እኩል አታድርጉት። እኩል ከሆነ ሬዲስ አሮጌውን ማስወጣት ሳይጀምር የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ይገድለዋል፤ ሎጉ ላይ 137 የሚል የመውጫ ቁጥር ብቻ ታያላችሁ።

ፕሮሰሱ ራሱ ውስጥ ያለ ካሽ ካላችሁ ደግሞ በፕሮሰሱ ቁጥር አባዙት። በአንዱ 100 ሜጋባይት ማለት በአራቱ 400 ነው፤ ከላይ 150 ያልነው ስሌት ፈረሰ። ነገሩ በዚህም አያበቃም፤ አራቱ ካሾች እርስ በርስ ስለማይተዋወቁ አንዱ የትናንቱን፣ ሌላው የዛሬውን የጤፍ ዋጋ ሊመልስ ይችላል። ፓይተን ላይ ኤልአርዩ ካሹን በክላስ ሜተድ ላይ ከለጠፋችሁት ሰልፍ የተባለው ኦብጀክት የቁልፉ አካል ይሆናል፤ ኦብጀክቱ መሞት ሲገባው በካሹ ተይዞ ይቆያል።

ሲሞላ ማን ይውጣ?

ቁጥሩን መጻፍ ግማሽ ሥራ ነው። ማክስሜሞሪን ብቻ ጽፎ ፖሊሲውን የረሳ ሰው ችግሩን በሌላ ቀን ያገኘዋል፤ የሬዲስ ነባሪ ፖሊሲ ኖ ኢቪክሽን ስለሆነ። ሲሞላ ማንንም አያስወጣም፤ ለአዲስ ጽሑፍ ስሕተት ይመልሳል፣ ንባብ ግን እንደወትሮው ይሄዳል። ስለዚህ ገጹ የሚከፈት ይመስላል፣ መግባትና መመዝገብ ግን አይሠራም። እንዲህ ያለ ግማሽ ብልሽት ለመመርመር ከሙሉ ብልሽት ይከብዳል። ለንጹሕ ካሽ ኦልኪስ ኤልአርዩ አድርጉት፤ ለረጅም ጊዜ ያልተነካው ይወጣል። ሬዲስ ይህን በግምት ነው የሚሠራው፤ እንደ ነባሪ አምስት ቁልፍ ዕጣ ያወጣና ከእነሱ መካከል ያረጀውን ያስወጣል። ወደ 10 ብታሳድጉት ከእውነተኛው ኤልአርዩ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ትንሽ የፕሮሰሰር ጊዜ ይበላል።

የተጠቃሚ ሴሽንን (ወደ መለያው መግባቱን የሚያስታውሰውን መረጃ) እና ካሽን አንድ ሬዲስ ውስጥ ማኖር መጥፎ ልማድ ነው። ኦልኪስ ካላችሁ ካሹ ሲሞላ ሰዎች ከመለያቸው ይባረራሉ። ቮላታይል ኤልአርዩ ካላችሁ የሚወጣው ማብቂያ ጊዜ ያለው ቁልፍ ብቻ ነው፤ ማብቂያ ጊዜ ያለው ቁልፍ ከሌለ እንደ ኖ ኢቪክሽን ይሆናል። «ሴሽኑን በዳታቤዝ ቁጥር 0፣ ካሹን በቁጥር 1 እንለያለን» የሚሉም አሉ። አይለይም፤ ማክስሜሞሪና ፖሊሲው ለሁሉም ቁጥሮች አንድ ናቸው። ሁለት የሬዲስ ፕሮሰስ አስነሡ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ፖርትና የራሱ ገደብ ይኑረው።

ኤልአርዩም ቢሆን የሚሸነፍበት ቦታ አለ። በየሌሊቱ ገበያዎቹን በመንገዱ ቅደም ተከተል የሚዞር ሪፖርት አለ እንበል፤ ደጀን፣ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ከዚያ እንደገና ከደጀን። ካሹ የሦስት ገበያ ቦታ ብቻ አለው። ደጀን፣ ሉማሜና ደብረ ማርቆስ ገቡ። አማኑኤል ሲመጣ ከሁሉም ያረጀው ደጀን ወጣ። ሪፖርቱ ዞሮ ደጀንን ሲጠይቅ የለም፤ ደጀንን ለማስገባት ሉማሜ ወጣ። ቀጥሎ የሚጠየቀው ማን ነው? ሉማሜ። እርሱን ሲያስገባ ደብረ ማርቆስን አስወጣ፤ ቀጣዩ ተጠያቂ ደግሞ እርሱ ነው። መቶ ጊዜ ቢዞር አንድም አይገኝም፤ ሂቱ፣ ማለትም የተፈለገው ካሹ ውስጥ የተገኘበት ብዛት፣ ዜሮ ነው። ቦታውን ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ብታሳድጉት ለውጥ የለም። አራተኛውን ስትጨምሩ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሁሉም ይገኛል። ስለዚህ ገደብ አሳድገን ለውጥ አላየንም ማለት ማሳደግ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ገደሉ ጫፍ ላይ አልደረሳችሁ ይሆናል። የተሻለው መላ ግን ሪፖርቱ በካሹ ሳያልፍ በቀጥታ ከዳታቤዝ እንዲያነብ ማድረግ ነው፤ አለዚያ በሌሊት ሲዞር ሰው ቀን የሚፈልገውን ሁሉ ጠራርጎ ያስወጣል። ሬዲስ ላይ ከ4.0 ጀምሮ ያለው ኦልኪስ ኤልኤፍዩ የተባለው ፖሊሲም በድግግሞሽ ስለሚመዝን እንዲህ ያለውን ጠራጊ ይቋቋማል።

ለራሳችሁ ካሽ የምትጽፉ ደግሞ «መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ» የሚለውን ቀላል ወረፋ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን በወረቀት ሞክሩ፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 1፣ 2፣ 5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5። ሦስት ቦታ ባለው ካሽ 9 ጊዜ ሚስ ይሆናል፤ የተፈለገው አይገኝም ማለት ነው። አራት ቦታ ስትሰጡት 10 ጊዜ። ካሹ አድጎ ሥራው ባሰበት። ይህ እ.ኤ.አ. በ1969 የታወቀ ነገር ሲሆን የቤላዲ አኖማሊ ይባላል፤ ኤልአርዩ ላይ አይደርስም።

ዲስክ ላይ ስላለው ካሽ አጭር ነገር ልበል። ኤንጂንኤክስ ላይ ሁለት ገደብ አለ፤ የቁልፎቹ ዞን ራም ውስጥ ነው፣ በ1 ሜጋባይት 8,000 ያህል ቁልፍ ይይዛል፤ ማክስ ሳይዝ ደግሞ የፋይሎቹ ነው። ማክስ ሳይዝ ጽኑ ግድግዳ አይደለም። ጽዳቱን የሚሠራው ካሽ ማኔጀር በየተራ ጥቂት ፋይል ስለሚያጠፋ፣ ገቢው ሲፈጥን መጠኑ ለጊዜው ያልፋል። 20 ጊጋባይት የዲስክ ክፍል ላይ 20 ብላችሁ አትጻፉ፤ 16 ይበቃል። ትናንሽ ፋይል ከበዛ ደግሞ ባይቱ ሳይሞላ አይኖዱ (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚያስፈልገው መዝገብ) ያልቃል፤ «ቦታ የለም» እያለ የዲስክ ቦታ የሚለካው ዲኤፍ ግማሽ ባዶ ካሳያችሁ በአይ አማራጭ እዩት። የግቢ ኔትወርክ ላይ ስኩዊድ የተባለውን የድረ ገጽ ካሽ የምትተክሉ ካላችሁ፣ በ64 ቢት ማሽን ለእያንዳንዱ ጊጋባይት የዲስክ ካሽ 14 ሜጋባይት ራም ለማውጫው ይሄዳል። 100 ጊጋባይት ዲስክ ማለት 1.4 ጊጋባይት ራም ነው፤ ካሽ ሜም የሚባለው የስኩዊድ የራም ካሽ ከዚያ ሌላ ነው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ተመስጥሮ ስለሚያልፍ ያን ያህል ዲስክ መስጠቱም አያዋጣም፤ የሊኑክስ ማሻሻያ ፓኬጆችን አንድ ቦታ ማከማቸት ይሻላል።

ልኩ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን?

ኢንፎ የሚለው የሬዲስ ትእዛዝ ኪስፔስ ሂትስ እና ኪስፔስ ሚሲስ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ያሳያል። ሁለቱም ሬዲስ ከተነሣ ጀምሮ የተጠራቀሙ ናቸው፤ ስለዚህ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ መዝግባችሁ ልዩነቱን ውሰዱ። ሂቱን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። እዚህ ላይ መቶኛው ያሞኛል። ከ50 ወደ 55 መውጣትና ከ90 ወደ 95 መውጣት ሁለቱም አምስት ነጥብ ናቸው። በ100,000 ጥያቄ የመጀመሪያው ዳታቤዙ ላይ የሚያርፈውን ከ50,000 ወደ 45,000 ያወርደዋል፤ አንድ አሥረኛ ብቻ ቀለለ። ሁለተኛው ከ10,000 ወደ 5,000፤ የዳታቤዙ ሥራ በግማሽ ቀነሰ። ስለዚህ ሁልጊዜ ሚሱን ቁጠሩ፣ ሂቱ ለሪፖርት ይሁን።

ኢቪክትድ ኪስ የሚለው የወጡ ቁልፎች ቁጥር ማደጉ በራሱ ሕመም አይደለም፤ ካሽ ሥራው ማስወጣት ነው። ሚሱ አብሮት ካደገ ግን ጠቧል። በተቃራኒው ለሳምንታት አንድም ቁልፍ ካልወጣና ፍጆታው ከገደቡ ግማሽ ካላለፈ፣ ገደቡን አውርዳችሁ ትርፉን ለፖስትግሬስ ስጡት። ልኩን ለማግኘት ገደቡን ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ሳምንት፣ የገበያ ቀኖቹ ሁሉ እንዲገቡበት፣ ሚሱን ለኩ። እምብዛም ካልቀነሰ ወደ ነበረበት መልሱ።

መብራት ሲጠፋ ዲስክ ላይ ቅጂ የሌለው ካሽ ባዶ ሆኖ ይነሣል፤ ይህ እኛ ዘንድ ከሌላው አገር ይልቅ የሚታሰብበት ጉዳይ ነው። መብራቱ እንደተመለሰ ሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፣ ሁሉም ጥያቄ ዳታቤዙ ላይ ይወርዳል። ለአንድ ቁልፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ወደ ዳታቤዝ እንዲሄድና ሌሎቹ ያንኑ መልስ እንዲጠብቁ ማድረግ ዋናው መከላከያ ነው። ማብቂያ ጊዜውንም አትደርድሩት፤ ሁሉም 300 ሰከንድ ከሆነ በአንድ ሰዓት የገባው ሁሉ በአንድ ሰዓት ይወጣል። ከ270 እስከ 330 መካከል በዕጣ ይሁን። የቅጂ ማውጣቱን ለመተው ከወሰናችሁ የእጥፍ ሜሞሪው ሥጋት ይቀራል፣ ግን ሁልጊዜ ከባዶ ትነሣላችሁ። ለዋጋ ካሽ ባዶ መነሣቱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ 512 ሜጋባይት ቶሎ ይሞላል፣ ያረጀ ዋጋ ይዞ ከመነሣትም ያድናል።

በመጨረሻም በሥራ ላይ ያለውን ገደብ ስለ ማውረድ። የቆመ ሰርቨር አያስፈልግም፤ ኮንፊግ ሴት ማክስሜሞሪ ብላችሁ አዲሱን ቁጥር ትሰጡታላችሁ። ከ2 ጊጋባይት ወደ 512 ሜጋባይት ግን በአንድ ዝላይ አትውረዱ። ሬዲስ ትእዛዝ የሚፈጽመው በአንድ ክር ስለሆነ፣ ሚሊዮን ቁልፍ ሲያስወጣ ተጠቃሚው ይጠብቃል። መጀመሪያ ሜሞሪውን በሌላ ክር የሚያስለቅቀውን ሌዚፍሪ ሌዚ ኢቪክሽን የተባለውን አብሩ፤ ከዚያ በ200 ሜጋባይት እየቀነሳችሁ በእያንዳንዱ እርምጃ ሚሱንና የምላሽ ጊዜውን እዩ፣ ጥያቄ በሚቀንስበት ሰዓት። ሬዲስ ራሱ የሚያሳየው ዩዝድ ሜሞሪ ወርዶ ሊኑክስ የሚያሳየው የፕሮሰሱ መጠን ካልወረደ አትደንግጡ፤ አሎኬተሩ ገጾቹን ይዞ ነው፣ ሜሞሪ ፐርጅ የሚለው ትእዛዝ ከፊሉን ያስለቅቃል። ሲጨርሱ ደግሞ ኮንፊግ ሪራይት ማለት አይረሳ። በኮንፊግ ሴት የገባ ቁጥር ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ ወደ ፋይሉ ካልተጻፈ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አሮጌው 2 ጊጋባይት ይመለሳል።